ቅዱስ ቬነራንዶ ዳገት ሲወጣ

ቅዱስ ቬነራንዶ ቁልቁለት ይወዳል። በስሙ በምትጠራው የተራራ መንደር፣ በሳን ቬነራንዶ፣ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። በየዓመቱ በነሐሴ ከታች፣ ከባሕሩ ዳር መንደር ከማሪና፣ ወንዶቹ ዳገቱን ወጥተው ሐውልቱን ከመንበሩ ሲያነሡት እንደ ላባ ይቀልላቸዋል፤ እየዘፈኑና እየተሳሳቁ ያወርዱትና ባሕሩን አስባርከው እነሱ ዘንድ ያሳድሩታል። በማግስቱ ላይኞቹ ሊመልሱት ሲመጡ ግን ሌሊቱን ድንጋይ ሲበላ ያደረ ይመስል ይከብዳል። ማውረዱ የማሪና፣ መመለሱ የላይኞቹ ነው፤ ደንቡ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ሌላም ደንብ አለ፤ ጣጣው እሱ ነው። በመንገድ ላይ ተሸካሚ ተሸካሚን ይተካል እንጂ ቅዱሱ መሬት አይነካም። ከነካ፣ እዚያ ላይ መኖር ሰልችቶኛል ማለቱ ነው ይባላል፤ ተመልሶ ይወርድና ማሪና ይቀራል።

ድሮ ይህ ነገር የመጠጥ ቤት ቀልድ ነበር። ላይ ወንድ ሞልቶ፣ ትከሻ ተርፎ ይሻማ ነበር። ዛሬ ወንዶቹ ከቤልጅግ የከሰል ጉድጓድና ከቶሪኖ ፋብሪካ በዓመት አንዴ፣ ለዚህች ቀን ብለው ነው የሚመጡት። ማሪና ደግሞ ደልባለች። ባቡር ጣቢያ አላት፣ ሲኒማ አላት፣ ሰርዲን ማሸጊያ አላት፤ የጎደላት ቅዱስ ብቻ ነው። ጳጳሱ ለሁለቱ መንደር አንድ ቄስ ይበቃል፣ ቄሱም ቅዱሱ ያለበት ይኖራል ብለው ቆርጠዋል። ቅዱሱ ከሄደ ቄሱ ይሄዳል፤ ቄሱ ከሄደ ትምህርት ቤቱ ይከተላል፤ በመጨረሻ ስሙ ራሱ ወርዶ ታች ይለጠፋል። ላይ የሚቀረው ስም የሌለው የድንጋይ ክምር ነው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ቅዱሱ ባሕሩን ሊባርክ ወርዶ ሳለ፣ ዶናታ ከባሏ ቴሌግራም ደረሳት። የባቡር ሠራተኞች አድማ መትተዋል፤ የሳን ቬነራንዶ ወንዶች በሙሉ ቦሎኛ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ አይደርሱም። ዶናታ ወረቀቱን ይዛ አደባባይ ወጣች። እዚያ የነበሩት ሴቶች፣ ዱላ የያዙ ጥቂት ሽማግሌዎችና ጋደም ያለ አንድ ውሻ ናቸው።

የቅዱሱ ማኅበር አለቃ የዶናታ አማት፣ ማስትሮ ኒኮዴሞ፣ ነበሩ። ቴሌግራሙ ሲነበብ ሰምተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አለቀ» አሉ። «አለቀልን።»

«ምን ያልቃል፣ አባባ? እኛ እንሸከመዋለን» አለች ዶናታ።

«እናንተ እነማን?»

«እኛ ነና! እዚህ ከእኛና ከውሻው በቀር ማን አለ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ማስትሮ ኒኮዴሞ አልሳቁም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው።

«ወንዱ ቦሎኛ ሲቀርስ በማን ሊያልቅ ነው?»

«ስሚኝ ልጄ። ሰባ ዓመት ሙሉ ይህን ቅዱስ ሳጅብ ኖሬያለሁ። ከቀሚስ በላይ ሲሄድ አላየሁም፤ አባቴም አላየ። ተዋርዶ ከሚመጣ እዚያው ይቅር።»

«እዚያው ይቅር?» ዶናታ ደሟ ፈላ። «ቅዱሱ እዚያ ቀርቶ ልጅዎ ሲመጣ ወዴት ነው የሚመጣው? ማሪና ወርዶ የማሸጊያውን ጌታ የዶን ጋዬታኖን ሰርዲን ሊያሸት?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ፤ «እኔ በዚህ የለሁበትም» አሉና እያነከሱ ሄዱ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፔትሮኒላ፣ ግዙፍና አፈኛ ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል» አለች፤ «ሴቷ ራሷ ስትሄድ እስቲ እንያ!»

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ማሪና ደረሱ። ዶን ጋዬታኖ ለቅዱሱ አዲስ የጸሎት ቤት አሠርቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ዙሪያውን በባለቀለም አምፖል አስጊጦ ነበር። የሰርዲን ማሸጊያው ባለቤት፣ የበዓሉም አዘጋጅ እሱ ነው። ለዶናታ የእህቷ ባል መሆኑን ደግሞ አንዳቸውም ማስታወስ አይወዱም። እህቷ ሚኬሊና ወደ ማሪና ካገባች ወዲህ ዳገቱን ወጥታ አታውቅም፤ ሁለቱ እህትማማቾች ገበያ ሲገናኙ እንደ ጎረቤት «ደህና ዋልሽ» ተባብለው ይተላለፋሉ። ዛሬም ባሏ አጠገብ ጥላ ዘርግታ፣ ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ ቆማ ነበር። ዶናታን አየቻትና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ወንዶቹስ?» አለ ዶን ጋዬታኖ፣ ሁሉን ሰምቶ እንዳልሰማ።

«ወንዶቹ እኛ ነን ዛሬ» አለች ፔትሮኒላ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!» ጮኸ ዶን ጋዬታኖ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረ። «ዶን ኢጂዲዮ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ይህ ይፈቀዳል?»

ዶን ኢጂዲዮ ቀጭንና ፈሪ ሰው ናቸው፤ ጳጳሱ ሲያስነጥሱ እሳቸው ይታመማሉ ይባላል። ዛሬ ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ድምፃቸው ወጣ። «ደንቡ የሚለው፣ ላይ ባለው የጥምቀት ገንዳ የተጠመቀ ይሸከመው ነው። እነዚህን ሁሉ ያጠመቅኋቸው እኔ ወይም ከእኔ በፊት የነበሩት አባት ነን።»

«ይሸከሙታ!» አለ ዶን ጋዬታኖ እጁን እያጨበጨበ። «ወንበር አምጡልኝ፤ ቁጭ ብዬ ነው የማየው።»

ቅዱስ ቬነራንዶ ዋርካ ከሚያህል የወይራ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የብር ዘውድና የነሐስ መቆሚያ አለው። ሁለት ረጃጅም የመሸከሚያ አጣናዎች ከሥሩ ያልፋሉ። በእነዚህ አጣናዎች ሥር እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቅድመ አያቱ የወረሰው ቦታ አለው፤ በዚያ ቦታ የተነሣ ስንት ሰው ተፈነካክቷል! ሴቶቹም እንደ ደንቡ ባል በሚቆምበት ሚስት፣ አባት በሚቆምበት ልጅ ቆመች። የፔትሮኒላ ቤት ቦታ ከፊት ነው፤ ድንቢጥ የምታህለው አኜዜ ደግሞ ከኋላ። ቅዱሱን ትከሻቸው ላይ አነሡትና ተነቃነቁ።

ከዳገቱ ሥር እስካለው ምንጭ ድረስ እንደምንም ሄዱ። መንገዱ ቀና ማለት ሲጀምር ግን ፊት ያሉት ረጃጅሞች ቅዱሱን ወደ ኋላ ገፉት፤ ክብደቱ በሙሉ ተንሸራትቶ እነአኜዜ ላይ ወረደ። አጣናው የዶናታን ትከሻ እንደ ቢላ ከረከረው። አንዷ ወደ ግራ ስትል ሌላዋ ወደ ቀኝ፣ ቅዱሱ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። የመቆሚያው ጥግ ዘንበል ብሎ መሬቱን ሊስም ስንዝር ሲቀረው በጉልበታቸው ደግፈው ያዙት።

«ወረደ! ወረደ!» አለ የማሪና ሕዝብ። አንዱ ጡሩምባ ነፋ።

ዶናታ አፈረች። ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ የሰው ሳቅ ሳይሆን የራሷ ትከሻ ነበር። ይህ ትከሻ በዕድሜው ምን ተሸክሞ ያውቃል? ምንም። እሷም እናቷም ውሃ የቀዱት፣ እንጨት ያወረዱት፣ የወይራ ፍሬ በጆንያ ያጋዙት በአናታቸው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ድንጋይ እንኳ አንድ በአንድ ከወንዙ የወጣው በሴት አናት ነው፤ ወንዶቹ እላይ ቆመው ተቀብለው ደረደሩት፣ ስማቸውንም ጻፉበት። ታዲያ ዛሬ እንደ ወንድ በትከሻ መሸከምን ምን አመጣው?

«ወደ ራስ!» ብላ ጮኸች።

«ምን?» አለች አኜዜ ከኋላ እያቃሰተች።

«ወደ ራስ አውጡት! ማቶት አምጡ! ሻሽ፣ ሽርጥ፣ ያገኛችሁትን ጠቅልሉ!»

ለመተካት የተከተሉት ሴቶች ወዲያው ገባቸው። ሽርጣቸውን ፈትተው እየጠመዘዙ፣ ክብ እየሠሩ፣ በተሸካሚዎቹ አናት ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ይህን እጃቸው ተኝቶም ይሠራዋል።

«የቤተሰብ ቦታውን ደግሞ ተዉት!» አለች ዶናታ። «ረጃጅሞቹ ወደ ኋላ፣ አጫጭሮቹ ወደ ፊት! ፔትሮኒላ፣ ውረጂ ከዚያ!»

«የአያቴ ቦታ ነውኮ!»

«አያትሽን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ ሂጂ ወደ ኋላ!»

አንድ ባንድ ተተካክተው ቦታቸውን ያዙ። ዶናታ ቁመቷ አጭር ነውና ፊት ቆመች። «አንድ ላይ... ሆ!» አለች፤ ቅዱሱ ከትከሻ ተነሥቶ አናታቸው ላይ ቁጭ አለ። ያኔ አንድ ነገር ሆነ። መንገዳገዱ ቆመ። ሴት አናቷ ላይ ሸክም ሲቀመጥ ወገቧ ይሄዳል እንጂ አንገቷ አይነቃነቅም፤ የሞላ እንስራ ተሸክማ ይህን ዳገት የወጣች ሁሉ እግሯ የት እንደሚያርፍ ሳታይ ታውቀዋለች። ቅዱስ ቬነራንዶ ስንት መቶ ዓመት በወንዶች ትከሻ ሲናወጥ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ጡሩምባ የሚነፋው ሰው መንፋቱን ተወ። ዶን ጋዬታኖም ከወንበሩ ተነሣ።

«በራስ ነው እንዴ? ይህ ደንብ አይደለም!» አለ እየተከተለ።

«ደንቡ መሬት አይንካ ነው የሚለው» አሉ ዶን ኢጂዲዮ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሊሮጡ ምንም ሳይቀራቸው። «ዶን ጋዬታኖ፣ ከመሬት ይበልጥ ራቀ እንጂ መቼ ቀረበ?»

ሴቶቹ የወይራ ለቀማ ዘፈናቸውን ጀመሩ። መዝሙር አልነበረም፤ እንዲያውም ስለ አንድ ሰነፍ ባል የሚናገር፣ ቄስ ፊት የማይዘፈን ነበር። ግን እርምጃ የሚያስተካክል ሌላ ዘፈን አያውቁም። ዶን ኢጂዲዮ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ አለ። የማሪና ሰው ሊሳለቅ የጀመረውን መንገድ ዝም ብሎ ተከተለ። ዶናታ ደስ አላት። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ አንገቷ እየነደደ፣ ደስ አላት።

ከመንደሩ በታች የሰይጣን ክርን የሚባል መታጠፊያ አለ። መንገዱ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ገደሉን ተጠግቶ ይዞራል። እዚያ ሲደርሱ ተተኪ የሚባል አልቀረም ነበር፤ ሁሉም በየተራዋ ገብታ ተሸክማ፣ ደክሟት ወጥታ፣ የመንገዱ ዳር ላይ ተዘርራለች። መታጠፊያው ላይ ከኋላ በቀኝ በኩል የነበረችው ወጣቷ ሎሬዳና እግሯ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። ቁርጭምጭሚቷ ተጣመመና ቁጭ አለች። አጣናው በባዶው ቦታ ወረደ፤ ቅዱሱ ዘመመ።

«ነካ!» ጮኸ ዶን ጋዬታኖ። «ነካ! ሰዎች ተመልከቱ!»

ዶን ኢጂዲዮ በሆዳቸው ተኝተው ጉንጫቸውን አፈሩ ላይ አስደግፈው አዩ። «አልነካም! ብርሃን ያልፋል! አልነካም!»

«ሰው!» አለች ፔትሮኒላ፣ የሁለት ሰው ክብደት ብቻዋን ይዛ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ። «ሰው ስጡኝ፤ አልችልም!»

ዶናታ ከፊት ሆና መዞር አልቻለችም። አንገቷን ካዞረች ሁሉም ያበቃል። «ቻዪ!» አለች፤ «ቻዪ እናቴ፣ ቻዪ!» በልቧ ግን ያለቀ መሰላት። የእናቷ መቃብር፣ የባሏ ቤት፣ ደወሉ፣ ሁሉም በመቆሚያው ጥግና በመሬቱ መካከል ባለች ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀዳዳዋም እየጠበበች ነበር።

ከዚያ ከኋላዋ የሕዝቡን ድምፅ ሰማች፤ ሳቅም ጩኸትም አልነበረም፤ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። አንድ ጫማ ገደሉን እየተንከባለለ ሲወርድ በዓይኗ ጠርዝ አየች። ባለተረከዝ ጫማ። ሁለተኛውም ተከተለ። ወዲያው አጣናው ከፍ ሲል፣ ሸክሙም ተስተካክሎ አናቷ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት።

«ሚኬሊና!» ዶን ጋዬታኖ ድምፁ ቀጠነ። «ሚኬሊና፣ ምን እያደረግሽ ነው? ውጪ ከዚያ!»

«እንዴት ብዬ ልውጣ? ቅዱስ ተሸክሜያለሁ እኮ!» አለች ሚኬሊና።

«የማሪና ሰው ነሽ! ሚስቴ ነሽ!»

«ሚስትህ ማታ ትመጣለች፤ እራትህ ምድጃው ላይ አለልህ። አሁን የእናቴ ልጅ ነኝ።»

ዶን ጋዬታኖ ወደ ቄሱ ዞረ፤ ዶን ኢጂዲዮ ልብሳቸውን እያራገፉ ቆሙ። «ሚኬሊናን ያጠመቅኋት እኔ ነኝ» አሉ። «እንዲያውም ገንዳው ውስጥ ነክሳኛለች።»

የማሪና ሰው ሳቀ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ በማሪና ሰው ላይ ነበር፤ የሳቁትም የማሪና ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ዶን ጋዬታኖ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

«እህቴ» አለች ዶናታ ከፊት ሆና፣ ሳትዞር።

«አለሁ» አለች ሚኬሊና ከኋላ። «ሂጂ። አንቺ ሂጂ እንጂ እኔ አለሁ።»

ዘፈኑ እንደገና ተነሣ። አሁን የሚዘፍኑት ተሸካሚዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ መንገድ ዳር ወድቀው የነበሩት ተነሥተው ተከተሉ፣ ሎሬዳናን የማሪና አንድ ዓሣ አጥማጅ አዝሏት ወጣ፣ የማሪና ሴቶችም ቃሉን ያውቁት ኖሯል፤ ለካ እናቶቻቸው ከላይ የወረዱ ናቸው። የሰይጣንን ክርን አለፉ። የመንደሩን የመጀመሪያ ቤት አለፉ። መንደር የቀሩት አሮጊቶች ለቅዱሱ ክብር በየመስኮቱ አንሶላ ዘርግተው እልል ሳይሆን ዋይ ይሉ ይመስል ያለቅሱ ነበር፤ የደስታ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ጠበቃቸው። ልማዱ ነው፤ ቅዱሱ ሲመለስ የማኅበሩ አለቃ ከውስጥ ሆኖ ሦስት ጊዜ «ማነው ያመጣው?» ይላል፣ ተሸካሚዎቹም «የሳን ቬነራንዶ ወንዶች!» ብለው ይመልሳሉ። ዛሬ ግን ከውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ማንም አላወቀም። ሁለቱም እጆቿ አጣናው ላይ ስለነበሩ ዶናታ በሩን በእግሯ መታችው።

ቆየት ብሎ ከውስጥ የዱላ ድምፅ ተሰማ፤ ቀረበ፣ ቆመ።

«ማነው ያመጣው?» የማስትሮ ኒኮዴሞ ድምፅ ነው። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ውስጥ፣ ባዶው መንበር ፊት፣ ብቻቸውን ተቀምጠው ኖሯል።

«የሳን ቬነራንዶ ሴቶች!» አለች ዶናታ።

አኜዜ አጠገቧ ስታለከልክ ይሰማታል።

«ማነው ያመጣው?»

«የሳን ቬነራንዶ ሴቶች!» አሉ ተሸካሚዎቹ በሙሉ፣ ሚኬሊናም አብራ።

ሽማግሌው ሦስተኛውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ተሰብሮ መሐል ላይ ቀረባቸው። «ማነው... ማነው ያመጣው?»

«የሳን ቬነራንዶ ሴቶች!» አለ አደባባዩ ሁሉ፤ አሮጊቶቹ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ዶን ኢጂዲዮ፣ የማሪና ሰው ሳይቀር።

«አባባ ኒኮዴሞ፣ አንገታችን ተሰበረ፣ ይክፈቱልን!» አለች ፔትሮኒላ።

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። በሩ ሁለት ክንፉን ከፈተና ማስትሮ ኒኮዴሞ ብርሃኑ ውስጥ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ቆሙ። መጀመሪያ ቅዱሱን አዩ፤ ዘውዱም ልብሱም በቦታው ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ተሸካሚዎቹ፣ ወደ ምራታቸው ፊት አዩ። በላብና በአቧራ ተለውሷል።

«መሬት ነካ?» አሉ።

«አልነካም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለባላባቱ ለባሮኑ አጎንብሰው የማያውቁት፣ ለጳጳሱ እንኳ ወገቤን ያመኛል ብለው ቆመው የቀሩት ማስትሮ ኒኮዴሞ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ከወገባቸውም ጎንበስ አሉ።

«እጅ እነሣለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ግቢ።»

ዶናታ አጸፋውን ጎንበስ ብላ ልትመልስላቸው ፈለገች። አልቻለችም፤ ቅዱሱ አናቷ ላይ ነው። አንገቷን ቀና እንዳደረገች አልፋቸው ገባች።